የኮርስ አቻነት፦ «አቻ ኮርስ የለም» የሚለው መስመር ለኮሌጁ ምን ይነግረዋል?

በካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ውስጥ ከአማካሪዎችና ከመምህራን አፍ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች፤ «አርቲኩሌሽን»። ተማሪ ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር፣ ኮሌጅ የወሰደውን ኮርስ ዩኒቨርሲቲው እንደራሱ ኮርስ እንዲቆጥርለት ሁለቱ ተቋማት አስቀድመው በጽሑፍ የሚደርሱበት ስምምነት ማለት ነው። በአማርኛ «የኮርስ አቻነት ስምምነት»፣ ሲያጥር «አቻነት» ብንለው ሐሳቡን ይሸከማል። ኢትዮጵያ ውስጥ የውጭ አገር ዲግሪ ሲመዘን ከምንሰማው «አቻ ግምት» ጋር ግን መምታታት የለበትም። አቻ ግምት የሚሰጠው ትምህርቱ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ሰው በያዘው ማስረጃ ላይ ነው። የአቻነት ስምምነት ግን ተማሪው ገና ሳይመዘገብ በኮርሱ ላይ ያለቀ ጉዳይ ነው።

እነዚህ ስምምነቶች ተሰብስበው የሚቀመጡበት ደግሞ «የኮርስ ዝውውር የመረጃ ቋት» ነው። የካሊፎርኒያው «አሲስት» ይባላል፤ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሠራ ነው። በሜሪላንድ «አርትሲስ» የሚባል አለ፤ ቨርጂኒያም «ትራንስፈር ቨርጂኒያ» በሚል ስም የራሷን አቋቁማለች። በእነዚህ ግዛቶች የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን መጀመሪያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስለሚልኩ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕት ይዞ የመጣ ሰው ግን ኮርሶቹን በእነዚህ ቋቶች ውስጥ አያገኛቸውም፤ የእሱ ጉዳይ ለብቻው ነው የሚመዘነው።

የመረጃ ቋቱ የተሠራው ለተማሪና ለአማካሪ ነው። እኔ እዚህ የማነሣው ሌላ አንባቢውን ነው፤ የኮሌጁን የካሪኩለም ኮሚቴ። የትኛው ኮርስ ይከፈት፣ የትኛው ይሻሻል፣ የትኛው ይታጠፍ ብሎ የሚወስነው አካል ከዚህ የተሻለ ካርታ የለውም ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? ለአሜሪካ ኮንግረስ የሚሠራው የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2004 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ተቋም የቀየሩ ተማሪዎች ካገኙት ክሬዲት 43 በመቶ ያህሉን እንዳጡ ገምቷል። ይህ የተማሪ ዕድሜና ገንዘብ ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ ዝውውር የሥርዓቱ ምሰሶ ነው። የ1960ው የግዛቲቱ የከፍተኛ ትምህርት ማስተር ፕላን ዩኒቨርሲቲዎቹን ለተመረጡ ተማሪዎች፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችን ግን መማር ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት አድርጎ ሲያደራጅ፣ ከታች የገባው ወደ ላይ የሚወጣበት በር ዝውውር እንዲሆን ታስቦ ነው። ዛሬ 116 ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አሉ። ሁሉም ከየዩኒቨርሲቲው ጋር፣ ለየሜጀሩ፣ በየትምህርት ዘመኑ የተለየ ዝርዝር አላቸው።

አንዱን ዝርዝር ቀረብ ብለን እንየው። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ በኩል ዩኒቨርሲቲው ለሜጀሩ የሚጠይቃቸው ኮርሶች ተደርድረዋል፤ በቀኝ በኩል ከየኮርሱ ፊት ለፊት የኮሌጁ አቻ ኮርስ ከነቁጥሩና ከነክሬዲቱ ይቀመጣል። ኮሌጁ አቻ ከሌለው በዚያ ቦታ «አቻ ኮርስ የለም» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ይገባል። ተማሪው ይህን ሲያይ «እዚያ ስደርስ እወስደዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል። ኮሚቴው ግን ማቆም ያለበት እዚህ መስመር ላይ ነው።

ምክንያቱም አንዱ ባዶ መስመር ከሌላው አንድ አይደለም። አንዳንዱ ባዶ የሆነው ኮሌጁ ኮርሱን ጭራሽ ስለማይሰጥ ነው። አንዳንዱ ኮርሱ እያለ ለዩኒቨርሲቲው ስላልቀረበ ነው፤ ይህ የሚስተካከለው ዶክመንቱን አዘጋጅቶ በመላክ ነውና አዲስ መምህር መቅጠር አያስፈልግም። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ቀርቦ ተቀባይነት ያጣው ነው፤ ብዙ ትምህርት የሚገኘውም ከዚህ ነው። የላብ ሰዓቱ አንሶ ይሆናል፤ ፕሪሪኩዚቱ ዝቅ ያለ ይሆናል፤ በኮርስ አውትላይኑ ላይ አንድ ዋና ርዕስ ተዘሎም ሊሆን ይችላል። የመረጃ ቋቱ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። የሚያውቀው በኮሌጁ የአቻነት ሥራ የያዘው ባለሙያ ስለሆነ፣ ያ ሰው ኮሚቴው ውስጥ መቀመጫ ከሌለው ገጹን ማንበብ ግማሽ ሥራ ነው። ሳይጣራ «ጎደለን» ተብሎ አዲስ ኮርስ የተከፈተበትን፣ ነባሩን በመጠነኛ ማሻሻያ ማሳለፍ ይቻል የነበረበትን አጋጣሚ ማሰብ ያሳዝናል።

ኮምፒውተር ሳይንስን እንውሰድ። አንድ ኮሌጅ ተማሪዎቹ በብዛት የሚዛወሩባቸውን አምስት ዩኒቨርሲቲዎች ለይቶ የሜጀሩን ዝርዝር ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ፣ በአራቱ ላይ የዲስክሪት ማቴማቲክስ መስመር ባዶ ሆኖ ያገኘዋል እንበል። ያኔ ጥያቄው «ኮርሱ ያስፈልገናል ወይ?» አይደለም፤ እሱ ተመልሷል። የሚቀረው ኮርሱ ምን ይያዝ የሚለው ነው። ለዚህ ኮሚቴው የአራቱን ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ ይዘት አንብቦ የጋራውን ማውጣት አለበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለብዙ የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ኮርሶች «ሲ-አይዲ» የሚባል የጋራ መግለጫ ስላለ ከባዶ አይነሣም፤ የዚህኛው ኮርስ መለያ ኮምፕ 152 ነው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ አውትላይን ለአራቱም በር ይከፍታል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚጠይቀውን ለየት ያለ ነገር ለማሟላት ኮርሱን ማጣመም ግን የቀሩትን ሦስቱን ሊያሳጣ ይችላል።

አንድ ነገር በተለይ መታወቅ አለበት። ኮርስ «ይዛወራል» ማለትና «አቻ አለው» ማለት ይለያያሉ። የሚዛወር ኮርስ ክሬዲቱ ይቆጠራል፤ ግን ኢሌክቲቭ ሆኖ ብቻ ሊገባ ይችላል። አቻ ያለው ኮርስ የሜጀሩን ግዴታ ይሞላል። ኮሌጁ በካታሎጉ ላይ «ይዛወራል» የሚለውን ብቻ አይቶ ከረካ፣ ተማሪው 60 ክሬዲት ይዞ ሄዶ የሜጀሩን መሠረታዊ ኮርስ እንደገና ይጀምራል።

የጊዜ ሰሌዳም አለ። ብዙዎቹ የካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች በሴሚስተር ያስተምራሉ፤ ከዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ካምፓሶች መካከል ግን በርክሌይና መርሴድ ብቻ ናቸው ለዲግሪ ተማሪዎች በሴሚስተር የሚሄዱት፤ ሌሎቹ የትምህርት ዓመቱን ሦስት ቦታ በሚከፍለው በኳርተር ናቸው። ስለዚህ ሦስት የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ኳርተሮች በኮሌጁ ሁለት ሴሚስተሮች ሊተኩ ይችላሉ። ዝርዝሩ ሁለቱን ኮርሶች «እና» በሚል ካያያዛቸው አንዱን ብቻ የጨረሰ ተማሪ አቻነቱን አያገኝም። ለኮሌጁ ይህ ማለት ሁለተኛው ክፍል በየዓመቱ፣ ከመጀመሪያው ተከታትሎ መሰጠት አለበት ማለት ነው። ተመዝጋቢ አነሰ ተብሎ ቢሰረዝ ወረቀት ላይ ያለው አቻነት ለዚያ ዓመት ተማሪዎች ዋጋ የለውም።

ቋቱ የማይነግረውም አለ። ዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚቀበል እንጂ ስንት ተማሪ እንደሚፈልገው አያሳይም። አሥር ባዶ መስመር ያየ ትንሽ ኮሌጅ አሥር ኮርስ ከከፈተ አብዛኞቹ በተማሪ እጦት ይዘጋሉ። የኮሌጁ የራሱ የምዝገባ ቁጥርና ተማሪዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ የሚያሳየው መረጃ አብሮ ካልተነበበ ውሳኔው ይሳሳታል። ለሥራ ለሚያበቁ የሙያ ኮርሶችም ይህ መለኪያ አይሆንም፤ ብየዳ ወይም ምግብ ዝግጅት አቻ ስለሌለው ዋጋው አይቀንስም።

በ2021 የጸደቀው ኤቢ 1111 የሚባለው ሕግ ሁሉም የካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለተመሳሳይ ኮርስ አንድ ቁጥር እንዲጠቀሙ አዟል፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ኮርሶች በ2025 መኸር ሴሚስተር ሥራ ላይ ውለዋል። እንግሊዝኛ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሳይኮሎጂና የፖለቲካ ሳይንስ ከነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። በእነዚህ ኮርሶች ላይ እያንዳንዱ ኮሌጅ ብቻውን የሚወስነው ነገር እየጠበበ ይሄዳል፤ ለተማሪው መልካም ነው። የኮሚቴው ጉልበት ታዲያ ወደ ሁለተኛ ዓመት የሜጀር ኮርሶች መዞር ይኖርበታል። የፊዚክስ፣ የኢንጂነሪንግና የኮምፒውተር ሳይንስ ዝርዝሮችን ከአምናው ጋር አስተያይቶ፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ምን እንደጨመረና የትኛው መስመር አዲስ ባዶ እንደሆነ ምዝገባ ከመጀመሩ ከወራት በፊት ማወቅ የእነሱ ሥራ ነው።