የእንግዳ ሞት፦ ስለ መተከል ሠፈራና ስለ ቀብር ሥርዓት

አማርኛ ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ብዙ ስም አለው፤ እንግዳ፣ ባዳ፣ መጤ፣ ሠፋሪ ይለዋል። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ የቆመ መንገደኛ ውኃና መደብ ይሰጠዋል፤ በማግስቱ ይሄዳል ተብሎ ይታሰባልና። ሳይሄድ ቢቀር ስሙ ይለወጣል፤ መጤ ይሆናል። እዚያው ቢሞትስ ምን ይባላል? ማን ይቀብረዋል? ይህን ጥያቄ በማንቡክ አካባቢና በጎረቤቷ በፓዌ ታሪክ ለመመርመር እሞክራለሁ።

የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ማንቡክ የምትገኝበት ቆላ ከጥንት ጀምሮ የጉሙዝ ሕዝብ የኖረበት አገር ነው። ለጉሙዝ መንደር ከደጋ የሚወርድ እንግዳ ለብዙ ዘመን ባሪያ ፈንጋይ ነበር። ጄምስ ብሩስም በ18ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ ቆላ ሕዝቦች ላይ ይካሄድ ስለነበረው አደን ጽፏል። የጉሙዝ ሽማግሌ እንግዳን በጥርጣሬ ቢመለከት ከዚህ ታሪክ የወረሰው ጥንቃቄ ነው።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ 82 ሺህ ያህል ሰዎችን ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ እንዲሁም ከሌሎች አካባቢዎች አምጥቶ በበለስ ሸለቆ አሠፈረ። መንደሮቹ የሚጠሩት በቁጥር ነበር። ወባው ደጋ ለለመደ ሰው ጠናበት። ብዙዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ጠፍተው ወደ መጡበት ተመለሱ።

እዚህ ላይ ሙሾን ማንሣት ግድ ይላል። አልቃሽ ሟችን የምታወድሰው በአባቱ፣ በአገሩና በሙያው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ከየክፍለ አገሩ በተሰበሰበበት መንደር የሞተ ሰው ግን አባቱን የሚያውቅ፣ ሙያውን የሚመሰክር በቅርቡ ላይኖረው ይችላል። አልቃሿ ግጥም የምታስርበት ነገር ያጥራታል። መርዶ የሚነገረው ዘመድም ሩቅ ነው፤ ምናልባትም በዚያው ረኃብ አልቋል።

ይሁንና የወሎ ሰዎች ቅሬን፣ የከምባታና የሐዲያ ሰዎች ሴራን ያውቁ ነበር። ሁለቱም ቀብርን በጋራ የሚያስፈጽሙ መረዳጃዎች ናቸው። በአገር ቤት ከጉርብትናው ጋር ዘመድና ርስት ነበሩ። በሠፈራው የቀረው ጉርብትናው ብቻ ነው፤ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል እዚህ ቃል በቃል ሠራ። በእኔ አስተያየት፣ በቁጥር የተጠራው ሠፈር መንደር የሆነው ቀባሪ በተገኘበት ቀን ነው።

ይህ ትስስር ግን ሠፋሪውንና ጉሙዙን ለማስተሳሰር አልበቃም። ወልደ ሥላሴ አቡቴ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፣ ሠፈራው ጉሙዞች እየተፈራረቁ የሚያርሱትን፣ የሚያድኑበትንና ፍሬ የሚለቅሙበትን ምድር ወሰደ። ሠፋሪው ደጅ ቆሞ «አሳድሩኝ» አላለም፤ ቤቱን የሰጠው ባለቤቱ ሳይሆን መንግሥት ነበር። ስለዚህ ሠፋሪው እንግዳ የመሆን ዕድል፣ ጉሙዙም እንግዳ የመቀበል ክብር ተነፈጋቸው። ጉሙዞች ደም የሚያደርቁበት ማንገማ የተባለ የዕርቅ ሥርዓት አላቸው፤ ነገር ግን ዕርቁ ሁለቱም ወገኖች እንዲተዋወቁ ይጠይቃል።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገድለው በጅምላ ተቀበሩ። በዚያው ዘመን የጉሙዝ ተወላጆችም ተገድለዋል። በጅምላ ቀብር ላይ ሟች በአባቱና በሙያው ለመወደስ ፋታ አያገኝም።

የሥነ ቃል ተማሪዎቻችን ወደ መተከል ሲወርዱ ሙሾውንና ማንገማውን ለየብቻ መሰብሰብ የለባቸውም። በሠፋሪ ቀብር ላይ ጉሙዝ ቆሞ እንደሆነ፣ በጉሙዝ ለቅሶ ላይም «ቀይ» የሚባለው ደገኛ ተገኝቶ እንደሆነ፣ ከተገኘም ምን እንደተባለ ይጠይቁ። ያ ቃል ሳይመዘገብ አዛውንቶቹ ካለፉ፣ ሁለቱ ሕዝቦች በሐዘን የተገናኙበት ማስረጃ አብሮ ይቀበራል።