ከናፖሊ እስከ ኮልፌ፤ ስለ ባሕር ማዶ ውክልና ታሪክ አጭር ጥናት

በኮልፌ አጠና ተራ የሚያልፍ ሰው፣ ከእንጨቱና ከቆርቆሮው መደብር መካከል፣ ማመልከቻና ውል የሚጻፍባቸውን ጠባብ ክፍሎች ሳያይ አይቀርም። ወደነዚህ ክፍሎች ከሚመጡት ወረቀቶች ጥቂት የማይባሉት ከባሕር ማዶ የተላኩ የውክልና ሰነዶች ናቸው። ልጅ ከጅዳ ለእናቱ፣ ወንድም ከዋሽንግተን ለወንድሙ፣ ሸሪክ ከዱባይ ለሸሪኩ «በስሜ ፈርምልኝ» ሲል የላካቸው ናቸው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው፣ ሰው አገር ተሻግሮ ፊርማውን ለሌላ የሚሰጥበት ልማድ በአገራችን ምን ታሪክ እንዳለውና ችግሩ የት ላይ እንደሚነሣ ነው። በተለይም የንግድ ማኅበርን ሰነድ የሚመለከተውን ክፍል እናያለን። ብዙ ሰው ስለ ውክልና ሲያማርር የሚያነሣው የማኅተሙን ብዛትና የመሥሪያ ቤቱን ምልልስ ነው። ታሪኩን ስንመረምር ግን ያገኘነው ሌላ ነው፤ ይኸውም፣ ከባዱ ጥፋት የሚደርሰው ማኅተም በመጉደሉ ሳይሆን የተሰጠው ሥልጣን ልክ በግልጽ ባለመጻፉ ነው።

ቃሉ

በግዕዝ «ተወከለ» ማለት ታመነ፣ ተማመነ ማለት ነው፤ የመዝሙረ ዳዊት አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ወኪል እንግዲህ ከነስሙ የታመነ ሰው ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ወኪል ሥርዓት የሚናገር ክፍል ስላለው፣ ነገሩ ከአውሮፓ ሕግ ጋር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ እምነት በልብ ያለ ነገር ሲሆን፣ ሥልጣን ግን በቃል የሚለካ ነው። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። የተጻፈውም ቢሆን ልኩ ካልታወቀ ጠብን የሚያወርስ መሆኑን ከዚህ ቀጥለን እንመልከት።

ሦስት የታሪክ ምሳሌዎች

የመጀመሪያው ምሳሌ የታወቀው የውጫሌ ውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ/ም ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ሲፈራረሙ፣ 17ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ አማካይነት መላላክን የሚመለከት ነበር። በአማርኛው ቃሉ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ነገሩን ከፖለቲካው ለይተን በሕግ ዓይን ብናየው የውክልና ጉዳይ ነው። ምኒልክ «ስፈልግ ላከኝልኝ» ያሉትን፣ ወገንየው «ያለ እኔ አትላላክም» ብሎ ተረጐመው። ውሉ ፊርማም ማኅተምም አልጐደለውም፤ የተለያየው የሥልጣኑ ልክ ነበር። ጉዳዩም የተቈረጠው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ/ም በዐድዋ ነው።

በዚያው ዘመን ደጃዝማች መኰንን፣ ኋላ ራስ የሆኑት፣ በምኒልክ ተልከው ወደ ኢጣሊያ ሄዱ። በናፖሊም ኦክቶበር 1 ቀን 1889 እ.ኤ.አ. ተጨማሪውን ውል ስለ ጌታቸው ፈረሙ። በዚህ ውል ኢትዮጵያ 4 ሚሊዮን ሊሬ እንድትበደር ተስማምተው የሐረር ጉምሩክ መያዣ ሆነ። ከዚያው ጋር ግን ወሰኑ በጊዜው በእጅ ባለው ይዞታ መሠረት ይስተካከል የሚል ቃል ገባ። ኢጣልያኖችም ከውጫሌው ወሰን አልፈው ለያዙት መሬት ይህን ቃል መከራከሪያ አደረጉት። መኰንን ብልህና ታማኝ መልእክተኛ እንደነበሩ የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን በናፖሊና በሸዋ መካከል ፈጥኖ የሚደርስ መልእክት አልነበረምና፣ ያልታሰበ ቃል ሲቀርብ «ጌታዬን ልጠይቅ» ብሎ በማግሥቱ መልስ ማግኘት አይቻልም ነበር። የሩቅ አገር ወኪል ጭንቀቱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ንግድ ማኅበር ያቀርበናል። ምኒልክ በ1886 ዓ/ም የባቡር ሐዲድ የመሥራትን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዩ ነጋዴ ከሊዮን ሼፍነ ጋር ሆኖ በ1896 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኩባንያ አቋቋመ። ፈቃድና ውክልና በሕግ አንድ አይደሉም፤ በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ፤ በሸዋ የተፈረመ ወረቀት በፓሪስ ሌላ ወረቀት ወለደ። ኩባንያው ገንዘብ ባነሰው ጊዜ በ1902 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋውሎ የገንዘብ ድጋፍ ሲቀበል፣ ለመንግሥቱ በኩባንያው ላይ ትልቅ የመቈጣጠር ሥልጣን ሰጠው። ምኒልክ ይህን ባወቁ ጊዜ እጅግ አዘኑ። ፈቃዱን የሰጡት ለሚያምኑት ሰው ነበር፤ ሰውየው ያቋቋመው ኩባንያ ግን በሌላ አገር ሕግ፣ በሌላ አገር ጽሕፈት ቤት፣ እርሳቸው ባልተቀመጡበት ጉባኤ ተፈራረመ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከውጭ ወደ ውስጥ የመጣ ነው። በ1897 ዓ/ም የአቢሲኒያ ባንክን ለማቋቋም የ50 ዓመት ፈቃድ ሲሰጥ፣ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ በኩል የተዋዋለው ወኪሉ ማክጊሊቭሬይ ነበር። ባንኩም በ1898 ዓ/ም ሥራ ጀመረ። የካይሮው ባንክ ባለቤቶች አዲስ አበባን ሳይረግጡ በአንድ ሰው እጅ እዚህ ባንክ አቆሙ። ውክልና የሚበጅበትን መንገድ ከዚህ እናያለን፤ የሚፈረመው ጉዳይ አንድና የታወቀ ነበር።

የ1952ቱ ሕግና ከዚያ ወዲህ

በ1952 ዓ/ም የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች ታወጁ። የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ይህ ሕግ ከቁጥር 2199 ጀምሮ ስለ ውክልና ሲደነግግ፣ ለጥናታችን ዋና የሆነውን ልዩነት አኖረ። በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና፣ የቱንም ያህል ሰፊ ቢመስል፣ ለወኪሉ የሚያስገኝለት የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለመያዣ ለማድረግ፣ ካፒታል ለማዋጣት፣ የሐዋላ ወረቀት ለመፈረም፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ወይም በፍርድ ቤት ለመሟገት ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሕግ አውጪው ይህን ሲጽፍ፣ የራቀ ሰው የሰጠው ሰፊ ቃል ሳያስበው ቤቱን እንዳያሳጣው መጠንቀቁ ነው።

ሰነድ የማረጋገጡ ሥራ ደግሞ በ1995 ዓ/ም በአዋጅ ቁጥር 334፣ ቀጥሎም በ2008 ዓ/ም በአዋጅ ቁጥር 922 ተደነገገ። ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» እያለ በሚጠራው መሥሪያ ቤት የውክልና ሰነድም ሆነ የማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ የሚመዘገበው በዚህ መሠረት ነው። ከውጭ የሚመጣው ሰነድ መንገዱ ይረዝማል። በዚያው አገር ባለሥልጣን ፊት ተፈርሞ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ይሄዳል፤ ከዚያም በአዲስ አበባ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዘንድ ይቀርባል፤ በሌላ ቋንቋ ከተጻፈም ወደ አማርኛ ይተረጐማል። ትውልደ አገሩ ግን በቆንስሉ ፊት ቀርቦ መፈረም ይችላል። በ1961 እ.ኤ.አ. በሄግ የተደረገው ስምምነት ይህን ሁሉ በአንድ ማረጋገጫ የተካ ቢሆንም፣ ኢትዮጵያ ለአሥርት ዓመታት ከስምምነቱ ውጭ ስለቈየች ማኅተሞቹ በየደጁ ሲደረደሩ ኖረዋል።

ይሁንና እነዚህ ማኅተሞች ሁሉ የሚመሰክሩት ፈራሚው በእውነት እርሱ መሆኑን ነው። ምን ያህል እንደሰጠ አይመሰክሩለትም፤ ሰጥቶ እንዳይጸጸትም አይጠብቁትም።

ከኮልፌ የተገኘ ምሳሌ

ከጸሐፊዎቹ የአንዳችን ቤተሰብ በኮልፌ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥበት አነስተኛ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለው። አባላቱ ወንድማማቾች ሲሆኑ ታላቁ በአሜሪካ ይኖራሉ። መጀመሪያ የላኩት ወረቀት «ማናቸውንም ጉዳይ እንዲያስፈጽምልኝ» የሚል ነበር። ታናሹ መጋዘኑን አስይዞ ሊበደር ወደ ባንክ ሲሄድ ወረቀቱ አልበቃም ተባለ። አዲስ ወረቀት እስኪመጣ ከሁለት ወር በላይ አለፈ፤ ሊገዛ የነበረውም ዕቃ በሌላ ነጋዴ እጅ ገባ።

ታላቁ በዚህ ተበሳጭተው ሁለተኛውን ሲያስጽፉ አንድም ነገር ሳያስቀሩ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ፣ በማኅበሩ ቃለ ጉባኤ እንዲፈርም፣ አክሲዮን እንዲያስተላልፍ» አሉ። ታናሹም ማኅበሩን ለማጠናከር በማሰብ፣ ከወንድሙ ድርሻ ከፊሉን ለአንድ አዲስ ሸሪክ የሚያስተላልፍ ቃለ ጉባኤ ፈረመ። ታላቁ በስልክ በሰሙ ጊዜ «ፈርም አልኩህ እንጂ ስጥ አልኩህ?» አሉ። የታናሹ መልስ «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ አለ እኮ» የሚል ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካን ሳይደዋወሉ አሳለፉት፤ እናታቸውም ከሁለት አንዳቸውን ላለማስቀየም ስለ ንግዱ መጠየቅ ተዉ።

ሽማግሌዎች ከገቡ በኋላ ሦስተኛው ወረቀት ተጻፈ። ታናሹ ምን ምን እንደሚፈርም፣ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚበደር፣ በምን ጉዳይ አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት፣ ሥልጣኑም መቼ እንደሚያበቃ ተዘርዝሯል። ውክልናው ቢሻር ለባንኩና ለደንበኞቹ በጽሑፍ እንዲነገርም ተስማሙ፤ በሕጋችን ወካዩ መሻሩን ሳያስታውቅ ቢቀር፣ ሳያውቅ ለተዋዋለው ሰው ተጠያቂ የሚሆንበት ጊዜ አለና። የኤምባሲው፣ የሚኒስቴሩና የውልና ማስረጃው ማኅተም ግን በሦስቱም ወረቀቶች ላይ ያው ነበር።

መደምደሚያ

ዛሬ ከኮልፌ ወደ አሜሪካ መልእክት ለመላክ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። መኰንን በናፖሊ ያጡትን ዕድል የኮልፌው ታናሽ ወንድም በኪሱ ይዞት ይዞራል፤ ቢሆንም ከመፈረሙ በፊት አልጠየቀም፤ ወረቀቱ ጠይቅ አላለውምና። ስለዚህ የሰነዱ መንገድ እንዲያጥር መጣሩ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ትልቁን ሥራ አይተካውም። ያ ሥራ የሚሠራው ከኤምባሲው ደጅ በፊት፣ ወካዩ ብዕር አንሥቶ «እስከዚህ» ብሎ በሚጽፍበት ጊዜ ነው። የሕግና የታሪክ ተማሪዎች ጓደኞቻችንም በየሰፈራቸው ያሉትን አሮጌ የውክልና ወረቀቶች ሰብስበው ቃላቸውን ቢያመዛዝኑ፣ ይህን ጥናት ሊያቃኑትና ሊያሰፉት እንደሚችሉ እናምናለን።