ኃይልና ሸክም፦ የተሳቢ መኪና ታሪክ በኮምቦልቻና በደሴ መንገድ

ከኮምቦልቻ ሜዳ ተነሥቶ በሐረጎ ዳገት በኩል ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ርዝመቱ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ይሁን እንጂ በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከሆነው ስፍራ ተነሥቶ 2,500 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው የደሴ ከተማ ይዘልቃል። ለተራ መንገደኛ ይህ አንድ ሰዓት የማይሞላ ጉዞ ነው። ከኋላው ተሳቢ ላስከተለ የከባድ መኪና ነጂ ግን ከአሰብ ጀምሮ ያለውን የበረሃ ጉዞ ሁሉ የሚያስረሳ ፈተና ነው። በዚህ ዳገት ላይ ከሰማንያ ዓመታት በላይ የተፈጸመው ሥራ፣ ሲጠቃለል፣ ለአንድ ጥያቄ መልስ የመፈለግ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄውም፦ ይህን ያህል ኃይል ያለው መኪና ምን ያህል ክብደት ያለው ተሳቢ ሊጎትት ይገባዋል? የሚል ነው።

ጥያቄው በመኪና የተጀመረ አይደለም። ሲራራ ነጋዴዎች በወሎ ተራሮች ሲመላለሱ በነበረበት ዘመን ጭነት የሚመዘነው በገበያ ዋጋ ብቻ ሳይሆን በአጋሰሱ ጀርባም ነበር። የእንስሳው ዕድሜ፣ የጀርባው ሁኔታ፣ የዳገቱ ርዝመትና የመኖው ነገር ሁሉ ታይቶ ይጫናል። ጀርባው የተገጠበ በቅሎ መንገድ ላይ ቢቀር ኪሳራው የአንድ ጭነት ብቻ አይሆንም፤ ጠባቡን የተራራ መንገድ ዘግቶ ከኋላ የሚመጣውንም ያግዳልና። መኪና ሲመጣ የተለወጠው የተሸካሚው ዓይነት ነው እንጂ ሕጉ አይደለም።

ሞተር በብዛት በዚህ አገር የታየው በጦርነት ነው። የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዘ በኋላ፣ በማርሻል ባዶልዮ የሚመራና ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች ያሉት ሰልፍ ወደ አዲስ አበባ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን ደረሰ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ ሞተር የያዘው ሰልፍ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ግን ተከላካዮቹ መንገዱን ንደውት ስለ ነበር፣ ወታደሮቹ ድንጋይ ተሸክመው በእጃቸው እስኪጠግኑት ድረስ መቆም ግድ ሆነበት። የሞተር ብዛት ብቻውን መንገድ እንደማይሆን በዚያ ስፍራ ታየ።

ወራሪው ትምህርቱን አልዘነጋም። በሚከተሉት ዓመታት ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚደርሰው መንገድ ተሠራ፤ በጣርማ በርም ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ተፈለፈለ። በእነዚህ መንገዶች ላይ ከተሰማሩት መኪናዎች መካከል ዋነኞቹ ላንቺያ ሮ እና ፊያት 634 ነበሩ። ፊያት 634 ከኢጣልያ የመጀመሪያ ከባድ የናፍታ መኪናዎች አንዱ ሲሆን የሞተሩ ኃይል 75 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። የሞዴሉ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች በጣልያንኛ ሲነበቡ ‹‹ትሬንታ ኳትሮ›› ናቸው። ወራሪው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴን ለደቡብ አፍሪካ ጦርና ለኢትዮጵያ አርበኞች ለቅቆ ሲወጣ መንገዱና ስሙ ቀሩ። ትሬንታ ኳትሮ የሚለው ቃል በአማርኛ ለከባድ መኪና ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ።

የዚያ መኪና ኃይል ከሸክሙ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነበር። ከነጭነቱ 12 ቶን የሚመዝን መኪና 75 ፈረስ ጉልበት ብቻ ካለው ለአንድ ቶን የሚደርሰው ከ6 ጥቂት የሚበልጥ ነው። 10 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ሲታከልበት ድርሻው ወደ 3.4 ይወርዳል። ስለዚህ ተሳቢ ማስከተል በሜዳ ትርፍ፣ በዳገት ዕዳ ነበር።

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶቹን ማደስ ጀመረ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብ የአገሪቱ ወደብ ሆነች፤ ኮምቦልቻም የወደቡ የደጋ በር ሆነች። በዚህ ዘመን የመጡት የፊያት 682 ዝርያዎች፣ በተለይም በነጂዎች ዘንድ ‹‹ኤንትሬ›› የተባለው፣ ከነተሳቢያቸው የዚህ መስመር ጌቶች ሆኑ። በ1962 ዓ.ም. ገደማ ከፊያት ጋር በሽርክና የተቋቋመው አምቼም ከባድ መኪናዎችን በአገር ውስጥ መገጣጠም ያዘ።

የዚያን ዘመን ነጂ ችግር በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። 140 ፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 103 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ያለው መኪና ከነተሳቢው 28 ቶን ይመዝን፤ ዳገቱም በ100 ሜትር 7 ሜትር የሚወጣ ይሁን። ዳገቱንና የጎማውን የመንከባለል ተቃውሞ ለማሸነፍ 22,500 ኒውተን ያህል የመጎተት ኃይል ያስፈልጋል። ሆኖም በደሴ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚሁ መጠን ኃይሉ ስለሚቀንስ 80 ኪሎ ዋት ገደማ ይቀረዋል፤ በካምቢዮና በዲፈረንሲያል የሚባክነው ሲቀነስ ጎማው ላይ የሚደርሰው 68 ኪሎ ዋት ያህል ነው። በዚህ ኃይል የሚገኘው ፍጥነት በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ተሳቢው ቢፈታና ክብደቱ ወደ 14 ቶን ቢወርድ እጥፍ ይሆናል። በአሰብ ወደብ የተጫነው ጭነት ሳይለወጥ፣ የሚጎትተው ሞተር ደሴ ሲደርስ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ኃይሉን አጥቷል ማለት ነው።

ይህም ሁሉ መንገዱ ደረቅ ሲሆን ነው። የሚጎትተው ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ጎማው መሬቱን የሚጨብጥበት ኃይል ነውና፣ በነጂው ዘንግ ላይ 9.5 ቶን ቢያርፍና በዝናብ ጊዜ የጭቃው የመያዝ አቅም ወደ 0.2 ቢወርድ፣ ጎማው ሳይሽከረከር ሊሰጥ የሚችለው 18,600 ኒውተን ብቻ ነው። ከላይ የተፈለገው ግን 22,500 ነው። ሞተሩ ምንም ብርቱ ቢሆን መኪናው ተሳቢውን ይዞ አይወጣም፤ ብቻውን ግን 11,300 ኒውተን ያህል ብቻ ስለሚፈልግ ይወጣል። የነጂው ረዳት ታኮ በእጁ ይዞ ከተሳቢው ጎን በእግሩ መሄዱ ከዚህ የመነጨ ጥንቃቄ ነው። መኪናው በተንሸራተተ ጊዜ ታኮው ከጎማው ሥር በወቅቱ ካልገባ የሁሉም ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ የባሰ ነው። 28 ቶን የሚመዝን መኪናና ተሳቢ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የ650 ሜትር ከፍታ ጉልበት፣ ማለትም ወደ 180 ሚሊዮን ጁል፣ መክፈል አለበት። ይህ ከ500 ሊትር በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ መፍላት የሚያደርስ ሙቀት ነው። ከፊሉን የመንገዱና የአየሩ ተቃውሞ ቢወስደውም፣ የቀረውን የሚሸከሙት ሞተሩና ፍሬኑ ናቸው። ፍሬን እጅግ ሲግል መያዙን ይተዋል። የተሳቢው ፍሬን ከመኪናው ዘግይቶ የያዘ እንደ ሆነም ተሳቢው መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል፤ በኩርባ ላይም ያጥፈዋል። በወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የነጂዎች ደንብ በስሌት የተደገፈ ጥበብ ነው። እንግዲህ የተሳቢው ልክ መኪናው ሊያወጣው በሚችለው ብቻ ሳይሆን ሊያቆመው በሚችለውም መወሰን ይኖርበታል።

የዚህ ስሌት ዋጋ በግልጽ የታየው በ1977 ዓ.ም. ነው። ወሎ በረሃብ ስትመታ፣ በባቲና በኮረም መጠለያዎች ሕዝብ ሲያልቅ፣ የእርዳታ እህል አሰብ ወደብ ደርሶ የሚያነሣው መኪና አጥቶ ተከማችቶ ነበር። መፍትሔው ትልልቅ ተሳቢዎችን ማብዛት ብቻ ይመስል ነበር። ነገር ግን እስከ ኮምቦልቻ ድረስ አዋጭ የነበረው ከባድ ተሳቢ ወደ ገጠር በሚገቡት የጠጠርና የጭቃ መንገዶች ላይ ሸክም ነበር። ስለዚህ ሥራው በሁለት ተከፈለ፤ የረጅም ርቀት መኪናዎች ከወደቡ እስከ ኮምቦልቻ ያሉ ዋና መጋዘኖች ድረስ ያመጣሉ፣ አነስተኛና ብርቱ የአጭር ርቀት መኪናዎች ከዚያ ተረክበው ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ያደርሳሉ። በ1978 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለዚሁ ሥራ በኢትዮጵያ የራሱን የማጓጓዣ ድርጅት አቋቋመ። መኪናን ከመንገዱና ከሸክሙ ጋር ማዛመድ ያን ጊዜ የወጪ ቁጠባ ጉዳይ አልነበረም። አንድ ተሳቢ ዳገት ላይ ተሰናክሎ መንገድ በዘጋ ቁጥር የሚዘገየው የሰው ቀለብ ነበር።

የሸክም ልክ የሚጠብቀው መኪናውን ብቻ አይደለም። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ በአስፋልት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከዘንጉ ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። 10 ቶን ሊያርፍበት በሚገባው ዘንግ ላይ 12 ቶን ቢጫን ትርፉ 20 በመቶ ብቻ ሲሆን ጉዳቱ ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ሚዛን ጣቢያ ካለባቸው ከተሞች አንዷ መሆኗም ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መስመር ተዘጋ፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። መኪናዎቹም ተለወጡ። ዛሬ ከ350 ፈረስ ጉልበት በላይ ያላቸው፣ በቱርቦ የሚታገዙና ከፍታው እንደ ቀድሞው የማይጎዳቸው ሞተሮች 40 ቶን ይጎትታሉ፤ ለአንድ ቶን የሚደርሰው ኃይል ወደ 9 ፈረስ ጉልበት ከፍ ብሏል። አደጋውም መልኩን የለወጠው በዚሁ ምክንያት ነው። የትሬንታ ኳትሮ ሞተር ደካማ ስለ ነበር ከአቅም በላይ የተጫነ መኪና ዳገቱ ሥር ቆሞ ስሕተቱን ይናገር ነበር። የዛሬው ብርቱ ሞተር ግን ትርፉን ጭነት ያለ ቅሬታ ያወጣዋል፤ ስሕተቱ የሚገለጠው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት ቀላል ነው። ተሳቢ የሚመረጠው በሜዳ ላይ በሚጎተትበት ክብደት ሳይሆን በመንገዱ እጅግ ክፉ በሆነው ኩርባ፣ በክፉው ወቅትና በከፍተኛው ስፍራ ላይ በሚፈቀደው ልክ ነው። ፋብሪካው በመኪናው ላይ የለጠፈው የመኪናና የተሳቢ ድምር ክብደት የመጨረሻ ወሰን እንጂ የዕለት ግብ አይደለም፤ ለሐረጎም ተብሎ አልተጻፈም። ለሐረጎ የሚሆነውን ቁጥር ማስላት መንገዱን የሚያውቀው መሐንዲስ ድርሻ ነው። የሲራራ ነጋዴው ከመጫኑ በፊት የአጋሰሱን ጀርባ በእጁ ይዳስስ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ይህም ሥራ ከመጫን በፊት ሊሠራ ይገባል።