ዳዊት መድገም

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን «ዳዊት» የሚባለው የግእዝ ጥራዝ መዝሙራቱን ብቻ ሳይሆን የነቢያትን ጸሎትና መኃልየ መኃልይን፣ ብዙ ጊዜም ውዳሴ ማርያምን አንድ ላይ የያዘ ሲሆን፣ ፊደል የቆጠረ ልጅ በንባብ ቤት የሚማረው ዋነኛ መጽሐፍም እርሱ ነበር። «መድገም» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ማሰልቸትን አያመለክትም፤ በቃል ወይም በንባብ መጸለይ ማለት ነው። መዝሙራቱ ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍለው ስለሚነበቡ፣ ምእመኑ መጽሐፉን ከማኅደሩ፣ ማለትም ማንገቻ ካለው የቆዳ መያዣ አውጥቶ የዕለቱን ድርሻ ሲያደርስ፣ ከሳኦል ሸሽቶ በዋሻ የተጠለለው የዳዊት ጭንቀት ከራሱ የኑሮ ጭንቀት ጋር ይገጥምለታል፤ የልማዱ ዕድሜ መርዘምም ከዚህ የመጣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ ያሳተመው የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍም ይኸው ዳዊት ነው።