ጁንጂ ኢቶ

ጁንጂ ኢቶ (ሐምሌ 24 ቀን 1955 ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1963 ተወለደ) በአስፈሪ ታሪኮቹ የታወቀ ጃፓናዊ የማንጋ ደራሲና ሠዓሊ ነው። ማንጋ በጃፓን የሚዘጋጅ፣ በተከታታይ ሥዕሎች የሚነገር ታሪክ ነው። ኢቶ ወደዚህ ሙያ የገባው የጥርስ ቴክኒሻን ሆኖ ሲሠራ ነበር።

ልጅነት

ኢቶ የተወለደው በጊፉ ግዛት በምትገኘው የሳካሺታ ከተማ ነው፤ ይህች ከተማ ዛሬ የናካትሱጋዋ ከተማ አካል ናት። ታላላቅ እኅቶቹ የካዙዎ ኡሜዙንና የሺኒቺ ኮጋን አስፈሪ ማንጋዎች ያነቡ ስለነበር፣ እሱም ገና በሕፃንነቱ ከእነዚህ ሥራዎች ጋር ተዋወቀ። እያየም መሣል ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሂዴሺ ሂኖ ማንጋዎችና የአሜሪካዊው ደራሲ ላቭክራፍት ልብ ወለዶች ተጽዕኖ አሳድረውበታል።

ከጥርስ ሥራ ወደ ማንጋ

የጥርስ ቴክኒሻን ሥራ በሐኪም ትእዛዝ ሰው ሠራሽ ጥርሶችን በእጅ ቀርጾ ማዘጋጀት ነው። ኢቶ በዚህ ሥራ እየተዳደረ በትርፍ ጊዜው ይሥል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 «ሃሎዊን» የተባለው ወርኃዊ መጽሔት በኡሜዙ ስም የማንጋ ውድድር አዘጋጀ። ከዳኞቹ አንዱ ራሱ ኡሜዙ ስለነበር፣ ኢቶ በልጅነቱ ለሚያደንቀው ሠዓሊ ሥራውን ለማሳየት አጭር ታሪክ ላከ። ዋናውን ሽልማት ባያገኝም በማበረታቻ ደረጃ ተመረጠ፤ ታሪኩም ታትሞ ወጣ።

ሆኖም ኑሮውን ወዲያው በሥዕል ላይ አልመሠረተም። ለሦስት ዓመታት ያህል ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ካስኬደ በኋላ ቋሚ ደመወዙን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ማንጋ ገባ።

«ቶሚኤ»

በውድድሩ የተመረጠው ታሪክ «ቶሚኤ» ይባላል። የተገደለችና አካሏ የተቆራረጠ ተማሪ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ከእያንዳንዱ የአካሏ ቁራጭም ሌላ ቶሚኤ ይበቅላል። ኢቶ የታሪኩን መነሻ ሲያስረዳ ሁለት ነገሮችን ይጠቅሳል። አንደኛው በልጅነቱ የክፍል ጓደኛው ድንገት በአደጋ መሞቱ ነው፤ ልጁ ተመልሶ የሚመጣ ይመስለው ነበር። ሁለተኛው የተቆረጠ የእንሽላሊት ጅራት እንደገና መብቀሉ ነው።

ቶሚኤ ለብቻው እንደቆመ አጭር ታሪክ ቢጀመርም፣ ኢቶ ለዓመታት ወደዚህች ገጸ ባሕርይ እየተመለሰ አዳዲስ ምዕራፎችን ሠርቷል። ምዕራፎቹን በቅደም ተከተል የሚያነብ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ሻካራ እንደሆኑ፣ የኋለኞቹ ደግሞ ረቂቅና ጥንቁቅ እየሆኑ እንደሄዱ ይመለከታል።

የአሠራር ስልት

በኢቶ ሥራዎች ቤቱ፣ መንገዱና የትምህርት ቤቱ ክፍል በእውን እንዳሉ ሆነው በቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይሣላሉ። አስፈሪው ነገር ወደዚህ የተለመደ ዓለም ቀስ በቀስ ይገባል። ዋናውን አስደንጋጭ ሥዕል ብዙ ጊዜ ገጹ ከተገለጠ በኋላ ስለሚያስቀምጠው፣ አንባቢው ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ በገዛ እጁ ይገልጠዋል።

ከዚያ በኋላ

እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 1999 ድረስ በተከታታይ የወጣው «ኡዙማኪ» (አዙሪት) ኢቶን ከጃፓን ውጭም አሳወቀው። ታሪኩ የጠመዝማዛ ቅርጽ እርግማን ስለወደቀባት አንዲት ከተማ ነው። «ቶሚኤ»ም «ኡዙማኪ»ም ወደ ፊልም ተቀይረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 «ፍራንከንስታይን» የተባለው ሥራው በአሜሪካ የአይስነር ሽልማትን አግኝቷል።