በእንግሊዝ አገር ከቀላል የመኪና አደጋ በኋላ፦ ካሳ፣ ኢንሹራንስ፣ ጠበቃ እና ሐቃችን



ይህ ጽሑፍ በእንግሊዝና በዌልስ ለሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አሠራር ስላላቸው እዚህ የተጻፈው እነርሱን አይመለከትም። የምናወራው ስለ ቀላል ጉዳት ነው፤ መኪናችሁ ከኋላ ተመትቶ አንገታችሁ፣ ትከሻችሁ ወይም ጀርባችሁ ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚያምበት፣ ግን አጥንት ያልተሰበረበት አደጋ። በአገሩ አጠራር ዊፕላሽ ይባላል።

በማኅበረሰባችን ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ በሁለት ጫፍ ይያዛል። አንዱ "አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሴ ተርፋለች" ብሎ የሚገባውን ሳይጠይቅ ይቀራል። ሌላው "የኢንሹራንስ ገንዘብ ባለቤት የለውም" ብሎ ያልነበረ ሕመም ይጨምራል። ሁለቱም የሚጎዱት አሁን ያለው ሕግ የሚለካው አንድ ነገር በመሆኑ ነው፤ ይኸውም ሕመሙ የቆየበት ጊዜ ነው። ያንን ጊዜ ከማንም በላይ የሚያውቀው ደግሞ ራሱ ተጎጂው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሲቪል ተጠያቂነት ሕግ ከሜይ 31 ቀን 2021 ጀምሮ ለደረሱ አደጋዎች በሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ በፊት የጠበቃውን ወጪ በአብዛኛው የሚከፍለው የአጥፊው ኢንሹራንስ ስለነበር ጠበቆች ትንሹንም ጉዳይ ይሻሙበት ነበር። አሁን ግን የጉዳቱ ካሳ ከ5,000 ፓውንድ የማይበልጥ፣ ከሌሎች ኪሳራዎች ጋር ተደምሮም ከ10,000 ፓውንድ የማያልፍ ከሆነ የጠበቃ ወጪ ከተቃራኒ ወገን አይጠየቅም። ጠበቃ ከቀጠራችሁ ክፍያው ከራሳችሁ ካሳ ላይ ይነሳል።

የካሳው መጠንም በሠንጠረዥ ተወስኗል። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ እስከ 3 ወር ለቆየ ሕመም 240 ፓውንድ፣ ከ3 እስከ 6 ወር 495፣ ከ6 እስከ 9 ወር 840፣ ከ9 እስከ 12 ወር 1,320፣ ከ12 እስከ 15 ወር 2,040፣ ከ15 እስከ 18 ወር 3,005፣ ከ18 እስከ 24 ወር 4,215 ፓውንድ ነው። ከሕመሙ ጋር እንደ መኪና ፍርሃት ወይም እንቅልፍ ማጣት ያለ ቀላል የአእምሮ ጭንቀት ካለ ጥቂት ይጨመራል፤ ለምሳሌ 240 የነበረው 260 ይሆናል። ከሜይ 31 ቀን 2025 ወዲህ ለደረሱ አደጋዎች ደግሞ ሠንጠረዡ በ15 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል።

ሠንጠረዡን ልብ ብላችሁ እዩት። ስምንት ወር ተኩል ያመመው ሰው "አሥር ወር ነበር" ቢል በአንድ ቃል 480 ፓውንድ ይጨምራል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላትንና እያወቁ ለዚያ ብሎ ወደ ዳኛ ማቅረብን ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 188ኛው አንቀጽ በግልጽ ከልክሏል፤ የገንዘቡ ባለቤት ትልቅ ኩባንያ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። የአገሩም ሕግ ቀላል አይደለም። በ2015 የወጣው የወንጀል ፍትሕና ፍርድ ቤቶች ሕግ ጠያቂው በመሠረቱ አታላይ ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን በሙሉ እንዲጥል ያዛል፤ እውነተኛው ክፍል ጭምር ይወድቃል። የስምንት ወሩ ሐቅ በአንዲት የተጨመረች ወር ይጠፋል ማለት ነው። በዚያ ላይ የተቃራኒ ወገን ወጪ ሊጫን፣ እስራትም ሊከተል ይችላል።

መኪናው ውስጥ ሳይኖሩ "እኔንም ተሳፋሪ ብለህ አስመዝግበኝ" የሚሉ ሰዎችን ወሬ የሰማ አለ። ይህ ውለታ ሳይሆን የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ሹፌሩንም ወንጀለኛ ያደርገዋል።

በአደጋው ሰዓት

ቆማችሁ ስም፣ አድራሻና የሰሌዳ ቁጥር መለዋወጥ የሕግ ግዴታ ነው። ሰው ተጎድቶ የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱ እዚያው ካልታየ ለፖሊስ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ፎቶ አንሱ፤ የምስክር ስልክ ያዙ፤ በመኪናችሁ የተገጠመ ካሜራ ካለ ቅጂውን ሳይሰረዝ አስቀምጡ።

አገር ቤት እንደለመድነው መንገድ ዳር ተሸማግሎ፣ ጥቂት ገንዘብ ተቀባብሎ መለያየት እዚህ አያዋጣም። የዊፕላሽ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚሰማው በማግስቱ፣ አንገት ሲደርቅ ነው። ኢንሹራንሳችሁም ካሳ ባትጠይቁ እንኳ አደጋውን እንድታሳውቁት በውሉ ያስገድዳል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ መንገድ ላይ መከራከርም አያስፈልግም፤ ያያችሁትን እንዳያችሁት መናገር ይበቃል። አንዳንዱ "ይቅርታ እንዳትል" ብሎ ይመክራል። ሰው ደንግጦ ሲያዩት "ደህና ነህ ወይ?" ማለት ጥፋት ማመን አይደለም። ያጠፋ ሙስሊም ግን ጥፋቱን ሊክድ አይገባውም።

በማግስቱ ሕመም ከተሰማችሁ ጂፒ ዘንድ ሂዱ ወይም 111 ደውሉ። የሐኪም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሕመም በኋላ ለማስረዳት ይከብዳል። ቀኑን፣ ያመማችሁን ቦታና መሥራት ያቃታችሁን ነገር በስልካችሁ ወይም በደብተር መዝግቡ። ከወራት በኋላ "መቼ ነው የተሻላችሁ?" ተብላችሁ ስትጠየቁ በግምት እንዳትመልሱ የሚረዳችሁ ይህ ነው። ሕመሙ ያበቃበትን ቀን መጻፍ የጀመረበትን ከመጻፍ እኩል አስፈላጊ ነው።

ያለ ጠበቃ የሚኬድበት መንገድ

ኦፊሺያል ኢንጁሪ ክሌም የሚባል ነጻ የመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት አለ። ኢንተርኔት የማይሆንለት በስልክ እርዳታ ጠይቆ በወረቀት ቅጽ ማመልከት ይችላል። አደጋውንና ሕመሙን ትሞላላችሁ፤ የአጥፊው ኢንሹራንስ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ጥፋቱን ማመኑን ወይም አለማመኑን ይመልሳል። በሙሉ ወይም በከፊል ካመነ ራሱ በሚከፍለው ወጪ ሐኪም መርምሮ ሪፖርት ይጽፋል። ከካደ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል።

አንድ ነገር አስምሩበት፦ ኢንሹራንሱ ያለ ሐኪም ሪፖርት የዊፕላሽ ካሳ ተደራድሮ መጨረስ በሕግ ተከልክሏል። "ዛሬ 200 ፓውንድ ልላክልዎትና ይለቅ" የሚል ስልክ ከመጣ መልሱ "ሪፖርቱ ይቅደም" ነው።

የሐኪሙ ቀጠሮ የጉዳዩ ልብ ነው። እንግሊዝኛው ካልተመቻችሁ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋችሁ ቀጠሮው ሲያዝ ተናገሩ። ሴት ሐኪም የምትፈልግ እህትም ያኔውኑ ትጠይቅ። ብዙዎቻችን ሐኪም ፊት "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ማለት ልማዳችን ነው። ምስጋናው ለአላህ መልካም ነው፤ ሐኪሙ ግን "ታካሚው ደህና ነኝ ብሏል" ብሎ ይጽፈዋል። የሚያማችሁን በዝርዝር ንገሩት። ሩኩዕና ሱጁድ ላይ አንገታችሁን ይይዛችሁ እንደሆነ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ መስገድ ጀምራችሁ እንደሆነ፣ በረመዷን ተራዊሕ መቆም አቅቷችሁ እንደሆነ አስረዱ። ሐኪሙ በቀን ስንት ጊዜ እንደምናጎነብስና ግንባራችንን መሬት እንደምናስነካ ላያውቅ ይችላል። ጉልበት ወይም የእጅ አንጓ ለብቻው ተጎድቶ ከሆነም አትዝለሉት። እንደዚህ ያለው ጉዳት ከሠንጠረዡ ውጭ ስለሆነ ለብቻው ይገመታል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 2024 የወሰነው ሁለቱ ለየብቻ ተገምተው እንዲደመሩ፣ ከዚያም ለተደራረበው ሕመም ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል ተቀናሽ እንዲደረግ ነው።

ሪፖርቱ ሲደርሳችሁ ከመላካችሁ በፊት አንብቡት ወይም የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ። ቀን ወይም ቦታ ከተሳሳተ እንዲታረም ጠይቁ። ሐኪሙ "በ8 ወር ይድናል" ብሎ 5ኛው ወር ላይ ገንዘብ ከቀረበላችሁ ግን ቸኩላችሁ አትቀበሉ፤ አንዴ ከተስማማችሁ በኋላ "አልዳንኩም" ብሎ መመለስ በአብዛኛው አይቻልም። የቀረበው ካነሰም በሌላ ቁጥር መመለስ ትችላላችሁ።

ከሕመሙ ካሳ ውጭ ያወጣችሁትም ይጠየቃል፤ የመድኃኒት፣ ወደ ሐኪም የሄዳችሁበት ትራንስፖርት፣ የተጎዳ የልጅ መኪና ወንበር፣ የቀረ ደመወዝ። ደረሰኝ ያስፈልጋል። ታክሲ ለሚነዱ ወንድሞች እዚህ ላይ ችግር ይመጣል። የቀረባችሁ ገቢ የሚሰላው ለግብር ባስመዘገባችሁት ሒሳብ ነውና ለግብር ቢሮ 12,000 ያለ ሰው ለኢንሹራንስ 30,000 ሊል አይችልም። ቀበቶ ያላሰረም ካሳው ይቀነስበታል፤ ቀበቶው ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ ያስቀር ከነበረ ቅናሹ 25 በመቶ፣ ያቀልለው ከነበረ 15 በመቶ መሆኑ ከ1975 ጀምሮ የጸና የፍርድ ቤት መመሪያ ነው።

ጠበቃ ሲያስፈልግ፣ ደላላ ሲደውል

ጥፋቱ ከተካደ፣ ሕመሙ ከሁለት ዓመት ካለፈ ወይም የተጎዳው ልጅ ከሆነ ሶሊሲተር ማማከር ተገቢ ነው። እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛም ይህ ሠንጠረዥ አይመለከታቸውም። "ካላሸነፍን አትከፍሉም" የሚለው ውል ውስጥ ጠበቃው ለማሸነፉ የሚወስደው ተጨማሪ ክፍያ ከካሳው 25 በመቶ እንዳይበልጥ ሕግ ይገድባል። በቀላል ጉዳይ ግን የጠበቃው መሠረታዊ ክፍያም ከእናንተው ሊነሳ ስለሚችል ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ በጠቅላላ ምን ያህል ይቆረጣል? ከዚያ በላይ የኢንሹራንስ አረቦን አለ ወይ? መሃል ላይ ብተወው ምን እከፍላለሁ? በ840 ፓውንድ ጉዳይ 25 በመቶው ብቻ 210 ፓውንድ ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈረመ ውል በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል።

"አደጋ እንደደረሰብዎት ሰምተናል" ብሎ የማታውቁት ሰው ከደወለ ስልኩን ዝጉ። ሶሊሲተሮች እንዲህ ደውለው ደንበኛ መፈለግ አይፈቀድላቸውም፤ የካሳ ጉዳይ አስፈጻሚ ኩባንያዎችም ያለ ፈቃዳችሁ መደወል ከ2018 ጀምሮ ተከልክለዋል። የሶሊሲተሩን ስም በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ መፈለግ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚህ ሁሉ ግን ታክሲ ነጂዎችን የሚያሳስበኝ የተለዋጭ መኪናው ነገር ነው። "መኪና በነጻ እንሰጥሃለን" የሚለው ድርጅት የሚያስፈርመው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የዱቤ ኪራይ ውል ነው። ድርጅቱ በቀን የሚያስበውን ከፍተኛ ኪራይ ከአጥፊው ኢንሹራንስ ካላስመለሰ፣ ባለ ዕዳው የፈረመው ሰው ሊሆን ይችላል። ሥራ እንዳይቆም ተቸኩሎ የሚፈረም ወረቀት ነው፤ ግን ሳይነበብ መፈረም የለበትም።

የሸሪዓው ጥያቄ

"ከኢንሹራንስ ካሳ መቀበል ይፈቀዳል ወይ?" የሚለው ደጋግሞ ይነሳል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1985 የንግድ ኢንሹራንስ ውልን ከልክሎ በመተባበር ላይ የቆመውን አማራጭ አድርጎ አቅርቧል። ይህ ግን ውል የመግባት ጥያቄ ነው፤ በዚያውም ላይ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ለሹፌር የመንግሥት ግዴታ ነው። የተጎዳ ሰው ከጎዳው ወገን መካስ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ፊቅህ የአካል ጉዳት ካሳን ያውቃል፤ ልኩ ላልተወሰነ ጉዳት በአዋቂ ግምት የሚወሰነውን ሑኩማ ይለዋል። ኢንሹራንሱ በአጥፊው ቦታ ሆኖ የሚከፍል እንደሆነ የሚያዩ ዑለማኦች አሉ፤ የራሳችሁን ጉዳይ ለምታምኑት ዓሊም አቅርቡ። ፍርድ ቤት በካሳው ላይ ወለድ ከጨመረ እርሱንም አብራችሁ ጠይቁ።

ወንድማችሁ ለጁሙዓ ሲወስዳችሁ አጥፍቶ ከተጎዳችሁስ? ጥያቄው በእርሱ ስም ቢሆንም የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነው። ሆኖም በሚቀጥለው ዓመት አረቦኑ ሊጨምርበት ይችላልና ከማመልከታችሁ በፊት ንገሩት፤ ከደብዳቤ አይስማው። ይቅር ማለት ከፈለጋችሁ የባለ ሐቁ ምርጫ ነው፤ ምንዳውም አላህ ዘንድ ነው። የልጃችሁን ሐቅ ግን እናንተ "ይቅር" ብላችሁ ልትተዉት አትችሉም። በዚህ አገርም የልጅ ካሳ ስምምነት የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው።

ጊዜና አቤቱታ

ለአዋቂ የጊዜ ገደቡ ከአደጋው ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው። ለልጅ ሦስቱ ዓመት የሚቆጠረው 18 ዓመት ሲሞላው ስለሆነ እስከ 21ኛ ልደቱ ይቆያል። አጥፊው ኢንሹራንስ ከሌለው ወይም አምልጦ ከጠፋ በ1946 የተቋቋመው የሞተር ኢንሹረርስ ቢሮ አለ፤ እዚያ ይጠየቃል።

በራሳችሁ ጠበቃ ቅር ከተሰኛችሁ መጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ በ8 ሳምንት ካልፈታው ሊጋል ኦምቡድስማን አለ። በራሳችሁ ኢንሹራንስ ላይ ደግሞ ፋይናንሺያል ኦምቡድስማን ሰርቪስ በነጻ ያያል። የአጥፊውን ኢንሹራንስ ግን ወደዚያ መክሰስ አይቻልም፤ የእርሱ ደንበኛ አይደላችሁምና ከእርሱ ጋር ያለው ክርክር የሚያበቃው በድርድር ወይም በፍርድ ቤት ነው።