ስለ ኢትዮጵያ ቢራቢሮዎች ስም አወጣጥ

በአማርኛ ቢራቢሮ የሚለው ስም አንድ ሲሆን በስሙ የሚጠሩት ወገኖች ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ነጯም ቢጫይቱም፥ ጅራት ያላትም ጅራት የሌላትም፥ በሎሚ ዛፍ ዙሪያ የምትበረውም በሳማ ላይ የምታርፈውም በዚሁ ባንድ ስም ትጠራለች። ክረምቱ አልፎ መስቀል በደረሰ ጊዜ በጉራጌ ደጋ፥ በአረቅጥ ከተማና በዙሪያዋ፥ መስኩ ሲያብብ ቢራቢሮን አይቶ የማይደሰት ሰው የለም፤ ይህች ከየትኛው ወገን ናት ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ ወገንን ከወገን ለይቶ ስም ያወጣላቸው ማን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

የቀድሞ አባቶች የፍጥረትን ጠባይ መመልከትን አልናቁም። ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ የአንበሳን፥ የእባብንና የጉንዳንን ጠባይ ለምክር አስተምሯል። ነገር ግን የመጽሐፉ ዓላማ ምሳሌ መስጠት እንጂ ወገንን በመልክና በምልክት መለየት አልነበረም።

የስም ሥርዓት የጸናው በ1758 ነው፤ ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዚያ ዓመት ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ ለእንስሳት ሁሉ ሁለት ሁለት ቃል ያለው የላቲን ስም የሚወጣበትን መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ ሥርዓት ቀድሞ ጽፎ ያሳተመ ሰው ያወጣው ስም ይጸናል፤ በቃል ብቻ የሚኖር ስም ግን የቱን ያህል ጥንታዊ ቢሆን አይቆጠርም።

ስለዚህ በ1867 ካየታን ፌልደርና ልጃቸው ሩዶልፍ በቪየና ሆነው አንዲቱን የደጋ ቢራቢሮ «አቢሲኒካ» ብለው ሰየሟት። አባትየው በማግሥቱ ዓመት የቪየና ከንቲባ ሆኑ። ይህች ቢራቢሮ ክንፏ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወደ ቀይ የሚያደላ የብርቱካን ቀለም መቀነት አለው። ትሏ የሳማ ወገን የሆነ ተክል ይበላል፤ ሰው የሚሸሸው ቅጠል ለእርሱ ማዕድ ነው።

በ1876 ደግሞ ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የኢጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች እየመሩ ወደ ሸዋ መጡ። ንጉሥ ምኒልክም በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ በተባለው ስፍራ ቦታ ሰጧቸው፤ በዚያም በ1882 አረፉ። ከሸዋ የተሰበሰቡት ቢራቢሮዎች ወደ ጄኖቫ ሙዚየም ሄዱ፤ ፈረንሳዊው ሻርል ኦበርቱርም መርምሮ በ1883 አንዲቱን ባለ ጅራት ቢራቢሮ በአንቲኖሪ ስም ጠራት።

የዚህች ቢራቢሮ ነገር የሚያስደንቅ ነው። ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ በጥቁር የተከፈፈ፥ ጅራትም ያለው ነው። በብዙው የአፍሪካ ክፍል ግን ሴቲቱ ጅራት የላትም፤ ወፍ የማትበላቸውን መራራ ቢራቢሮዎች መስላ ትኖራለች። ከዚህም የተነሣ ሊቃውንት ወንዱንና ሴቲቱን ልዩ ልዩ ወገን አድርገው ጽፈዋቸው ነበር፤ ሮላንድ ትራይመን በ1869 አንድ መሆናቸውን አስረዳ። በኢትዮጵያ ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች እንደ ወንዱ ናቸው፤ ሌላውን የሚመስሉት እንኳ ጅራታቸውን አልተዉም። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን በሰምና ወርቅ ይመስለዋል፤ ወፏ ሰሙን አይታ ትመለሳለች፥ ወርቁን የሚያገኘው መርማሪው ነው፤ የኢትዮጵያይቱ ጅራት ግን ለወርቁ መንገድ ትመራለች።

ከዚያ ወዲህ ኡንጌማክ በ1932 ስለ አቢሲኒያ ቢራቢሮዎች በፈረንሳይኛ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። በ1758 ሊኔየስ «ካርዱይ» ያላት ቢራቢሮ ከአውሮፓ ተነሥታ የሰሐራን በረሃ እንደምትሻገር፥ ከበረሃውም በስተ ደቡብ ኢትዮጵያን ጨምሮ በልዩ ልዩ አገር እንደምትገኝ በ2016 ታተመ፤ ልጆቿም በጸደይ ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ እንደሚመለሱ በ2018 ተገለጠ። ሚዛን ሊያነሣት የማይችል ፍጥረት ነጋዴና ግመል የሚደክሙበትን በረሃ ታልፋለች።

በሙዚየሞቹ ውስጥ ከእያንዳንዷ ቢራቢሮ ሥር ትንሽ ወረቀት ተሰክታለች፤ የተያዘችበት ስፍራና ቀን ይጻፍባታል። ወረቀት የሌላት ቢራቢሮ ጌጥ እንጂ ምስክር አይደለችም። በቀድሞ ዘመን ከተጻፉትም ብዙዎቹ «አቢሲኒያ» ከማለት አያልፉም፤ ቆላውና ደጋው፥ ሸዋውና ጉራጌው ባንድ ቃል ተጠቅልሏል። ይህን ጉድለት የሚሞላው በስፍራው የሚኖር ሰው ነው። በአረቅጥ መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር፥ ካህኑም በቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ጥላ ሥር፥ በጀፎረው ሣርና በእንሰቱ ዳር የታየችውን ቢራቢሮ መልኳን፥ ያረፈችበትን ተክልና ቀኑን በደብተር ቢጽፍ፥ ገንዘብ የማይጠይቅ ታላቅ ሥራ ይሆናል። የብዙዎቹ ትል ከተወሰነ ተክል በቀር አይበላምና፥ ተክሉ በተመነጠረ ጊዜ ቢራቢሮዪቱም ትጠፋለች፤ ስሟ ያልተጻፈ እንደ ሆነ መጥፋቷን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።

ለእንስሳት ስም ማውጣት ለአዳም የተሰጠ ሥራ ነበር። በቪየናና በጄኖቫ የወጡት ስሞች የዓለም ሊቃውንት መግባቢያ ሆነው ይኖራሉ፤ ነገር ግን የአገሩ ሰው በአገሩ ቋንቋ አንዲቱን ከሌላይቱ ለይቶ ለመጥራት የሚከለክለው ሕግ የለም።